ዜና መንግሥቱ ወርቁ

በ1954 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ በ32ኛው ዓመት፣ የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ በአዲስ አበባ ሆነ። ሊጫወቱ የመጡትም ግብጽ፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ ናቸው፤ አራተኛዋ ባለአገሯ ኢትዮጵያ ነበረች።

አስቀድሞ የሆነውን እንናገር። በ1949 በካርቱም፣ በ1951 ደግሞ በካይሮ፣ ግብጾች ኢትዮጵያን ሁለቱንም ጊዜ አራት ለባዶ አሸንፈዋት ነበር። ስምንት ግብ ተቆጥሮ አንድ ስንኳ አልተመለሰም፤ እንዲህ ያለ ዕዳ ቶሎ አይረሳም።

ጥር 6 ቀን እሑድ ከቱኒዚያ ጋር ተገጠመ። ቱኒዚያዎች ሁለት አግብተው ቀደሙ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በፍጹም ቅጣት ምት አንዱን፣ ግርማ ተክሌ ሌላውን መለሱ። ከዚህ በኋላ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ ተነሥቶ ሁለት ጨመረ፤ አራት ለሁለትም ሆነ።

የፍጻሜው ቀን ጥር 13 ደግሞ እሑድ ነው። በጅሌ ጥሙጋ ምድር፣ በሰንበቴ፣ አፋሩ ግመሉን እየነዳ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው እህልና ከብቱን ይዞ የሚገናኝበት የገበያ ቀን ነበር። በአዲስ አበባ ስታዲየም ግን የግብጽ ዕዳ የሚከፈልበት ሌላ ገበያ ቆሞ ነበር፤ ጃንሆይም በዚያ ነበሩ። ግብጾች በበደዊ ግብ ቀደሙ። ብዙ ቆይቶ ግርማ አስተካከለ፤ ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ ያው በደዊ ደገመ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሉቺያኖ አገባና ሁለት ለሁለት ሆኑ። ጭማሪ ሰዓት ተሰጠ። የሉቺያኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ፤ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ አራተኛውን አክሎ ነገሩን ዘጋው። ጃንሆይም ዋንጫውን ለሉቺያኖ በእጃቸው ሰጡ። በዚያ ውድድር መንግሥቱ ሦስት ግብ አግብቶ ከበደዊ ጋር ተካከለ።

በዚያው ዓመት በሰኔ፣ ጋሪንቻ የሚባለው ብራዚላዊ ቡድኑን ይዞ የዓለምን ዋንጫ በቺሌ ወሰደ። ዓለም የእርሱን ዝና ጻፈ፤ እኛ የመንግሥቱን እንጽፍ ዘንድ ይገባናል።

በ1960 ዋንጫው ዳግመኛ ወደ አዲስ አበባ ቢመጣ፣ በግማሽ ፍጻሜው ኮንጎዎች በጭማሪ ሰዓት ሦስት ለሁለት አሸንፈው አስቀሩን። መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ ያገባቸው ግቦች ሁሉ ቢቆጠሩ 10 ሆኑ።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1974 ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ለአፍሪካ ዋንጫ ወደ ሊቢያ ዘመተ። ናይጄሪያና ዛምቢያ አሸነፉት፤ ከአልጄሪያ ጋር ባዶ ለባዶ ተለያየ። ግብ ማግባት የሚያውቅ ሰው ያሠለጠነው ቡድን አንድም ሳያገባ ተመለሰ፤ የኳስ ነገር እንዲህ ነው።

መንግሥቱ ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ዐረፈ። ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው ከሊቢያው በኋላ በ31ኛው ዓመት፣ በ2005 በደቡብ አፍሪካ ነው፤ እርሱ ይህን አላየም። በዚያም ከዛምቢያ ጋር አንድ ለአንድ ወጣች። ግቧን ያገባው አዳነ ግርማ ነው፤ እርሱም የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር።