ሶስና ኃይሌ፦ የምርምር ጉዟቸውና የሥራዎቻቸው ተጠቃሽነት

ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ በኢኦርጋኒክ ጠጣር ቁሶች ላይ ባደረጉት ምርምር የታወቁ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ሳይንቲስት ናቸው። በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የቁሳቁስ ሳይንስና ምህንድስና ፕሮፌሰር ሲሆኑ፣ አየኖች በጠጣር ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዙ ያጠናሉ።

ልደትና ትምህርት

ሶስና እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው የግእዝ ሥነ ጽሑፍ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 አባታቸው በደርግ ወታደሮች ጥይት ክፉኛ በመቁሰላቸው ቤተሰቡ ከአገር ወጥቶ በሚኒሶታ ግዛት ኑሮውን መሠረተ። ሶስና የመጀመሪያና የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም አስተምረው በ2015 ወደ ኖርዝዌስተርን ተዛወሩ።

ዋና ዋና ሥራዎች

ፊውል ሴል ሃይድሮጅንን ከኦክስጅን ጋር ያለ እሳት አዋሕዶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። በመካከሉ አየኖችን የሚያሳልፍ ኤሌክትሮላይት ይገኛል። በብዛት የሚሠራበት ፕላስቲክ መሰል ኤሌክትሮላይት እርጥበት ስለሚሻ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሥራት ይቸግረዋል። የሶስና ቡድን እ.ኤ.አ. በ2001 «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት፣ ሲዚየም ሃይድሮጅን ሰልፌት የተባለ ጠጣር አሲድ በ150 ዲግሪ አካባቢ ይህን ተግባር ሊፈጽም እንደሚችል አሳየ። ይሁን እንጂ ሃይድሮጅኑ ራሱ ሰልፌቱን ቀስ በቀስ ይጎዳው ነበር። ስለዚህ ቡድኑ ወደ ፎስፌት ውሁድ ዞሮ፣ በውሃ ተን አማካይነት ሳይፈርስ እንዲቆይ ማድረጉን እ.ኤ.አ. በ2004 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አስታወቀ።

በዚያው ዓመት ከዞንግፒንግ ሻዎ ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ ከባሪየም፣ ከስትሮንቲየም፣ ከኮባልትና ከብረት ኦክሳይድ የተሠራ ካቶድ አስተዋወቀ። ይህ ካቶድ የተገጠመለት ፊውል ሴል በ600 ዲግሪ ሙቀት በካሬ ሴንቲሜትር 1 ዋት ገደማ ኃይል ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ሶስና ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር፣ በተሰበሰበ የፀሐይ ሙቀት የጋለ ሴሪየም ኦክሳይድ ከውሃ ሃይድሮጅንን፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርቦን ሞኖክሳይድን ሊያስገኝ እንደሚችል አሳዩ።

የተጠቃሽነት ትርጉም

የ2004ቱ የካቶድ ጽሑፍ በሌሎች ተመራማሪዎች በብዙ ሺህ ጊዜ ተጠቅሷል። ይህ ቁጥር ግን የስምምነት ድምፅ ቆጠራ አይደለም። ከጠቃሾቹ መካከል ቁሱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚጎዳና ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ውስጣዊ አወቃቀሩ እንደሚለወጥ ያረጋገጡ፣ መድኃኒቱንም የፈለጉ ይገኙበታል። ስለዚህ የአንድ ሥራ ተጠቃሽነት የሚመሰክረው እንከን የለሽነቱን ሳይሆን ሌሎች ሊፈትኑትና ሊያሻሽሉት የሚገባ ሆኖ መገኘቱን ነው።

ከአገር ቤት ጋር ያለ ግንኙነት

እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካና የአፍሪካ የቁሳቁስ ሳይንስ የጋራ ተቋም የመጀመሪያውን የሥልጠና መርሐ ግብር በአዲስ አበባ ሲያካሂድ ሶስና ከአዘጋጆቹ አንዷ ነበሩ። ዘርፉ በጅማ ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል። ከሸቤና ከዙሪያዋ የቡና ከተሞች ወደዚያ ለሚያመሩ ተማሪዎች የሶስና ጉዞ የሚያስተምረው አንድ ቁም ነገር አለ፦ የሰልፌቱ ጉድለት ሲታወቅ ጥናቱ አልተቋረጠም፤ ቀጣዩን ጥያቄ የወለደው ያው ጉድለት ነበር።