ማግ (የደም ካሳ)

ማግ በሶማሌ ባሕላዊ ሕግ (ሔር) መሠረት የገዳይ ወገኖች ለሟች ወገኖች የሚከፍሉት የደም ካሳ ነው። በአረብኛ «ዲያ» ይባላል። ቃሉ ከሸማኔው «ድርና ማግ» ጋር የድምፅ መመሳሰል እንጂ ዝምድና የለውም። በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል በጅግጅጋ፣ በሀርሺን፣ በቀብሪበያህና በአካባቢያቸው፣ እንዲሁም ከድንበሩ ማዶ በሶማሌላንድ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ማግ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ግድያም ይከፈላል፤ ሳይታሰብ ነፍስ ላጠፋ ሰው ግን ከበቀል የሚያመልጥበት ዋናው መንገድ ነው።

ሳያስብ የገደለ ሰው

ሳያውቅ ሰው የገደለን ከባለ ደም እጅ እንዴት ማዳን ይቻላል የሚለው ጥያቄ ብዙ ሕዝቦችን ያስጨነቀ ነው። የኦሪት ሕግ መልሱን በቦታ ሰጥቷል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35፣ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 እና በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 20 እንደተጻፈው ስድስት የመማጸኛ ከተሞች ተለይተው ነበር። ከዮርዳኖስ በስተምዕራብ ቃዴስ፣ ሴኬምና ኬብሮን፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ቦሶር፣ ራሞትና ጎላን ናቸው። ዘዳግም የሚሰጠው ምሳሌ እንጨት ሲቆርጥ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ከተማዋ ሸሽቶ በማኅበሩ ፊት ይዳኛል፤ ሳያስብ መግደሉ ከተረጋገጠ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ እዚያው ይቀመጣል። ቀድሞ ቢወጣና ባለ ደሙ ቢያገኘው ደሙ አይጠየቅም። ከሚሽና ክፍሎች አንዱ የሆነው ማኮት እንደሚለው፣ የሊቃነ ካህናት እናቶች ስደተኞቹ ልጆቻቸው እንዲሞቱ እንዳይጸልዩ በማሰብ ምግብና ልብስ ያቀርቡላቸው ነበር።

ኦሪት ግን ካሳን ይከለክላል። ከነፍሰ ገዳይ ቤዛ መቀበልም፣ በመማጸኛ ከተማ ያለውን ሰው በገንዘብ አስለቅቆ ወደ አገሩ መመለስም አይፈቀድም (ዘኍልቍ 35፥31-32)። የሶማሌ ሔር የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። ዝናብ ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር የተወሰነ የመማጸኛ ከተማ ብዙም አይጠቅምም፤ የገደለውን ሰው የሚከልሉት ዘመዶቹ ናቸው። ገዳዩ በወገኖቹ ጥበቃ ሥር እንዳለ ሽማግሌዎች በመሐል ገብተው ክፍያው እስኪቆረጥ ድረስ የሟች ወገን በቀል እንዳይነሣ ይጠይቃሉ።

አከፋፈሉ

በተለምዶ የአንድ ወንድ ማግ 100 ግመል፣ የሴት ደግሞ 50 ግመል ነው። ልኩ ከእስልምና ሕግ ጋር ይገጥማል። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 92 በስሕተት ለተገደለ ሰው ቤተሰብ ካሳ እንዲከፈል ያዛል፤ ሶማሌዎች የሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብም በስሕተት ለተፈጸመ ግድያ የሚከፈለውን ካሳ በገዳዩ የአባት ወገን ዘመዶች ላይ በሦስት ዓመት ከፍሎ ይጥለዋል። በተግባር የግመሉ ዋጋ በገንዘብ ይተመናል፤ ተመኑም በየጎሳዎቹ ስምምነት ይለያያል።

ማግን በጋራ የሚከፍለውና የሚቀበለው ቡድን ከአንድ አያት የሚቆጠሩ፣ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ የሚደርሱ ወንዶችን ያቀፈ ነው። ብሪታንያዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኢዮአን ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ሥራ ይህን ቡድን የሰሜን ሶማሌዎች የፖለቲካ ሕይወት መሠረት አድርጎ ገልጾታል። ከካሳው የተወሰነውን ድርሻ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሦስተኛ ገደማ፣ የገዳዩ የቅርብ ዘመዶች ይሸፍናሉ፤ ቀሪው በመላው ቡድን ላይ ይደለደላል። ስለዚህ አንድ ሰው ባልነበረበት ጠብ ወይም አደጋ ግመሉን ሊያጣ ይችላል። የራሱ ልጅ ነገ ቢያጠፋ ሌሎቹ እንደሚከፍሉለት ስለሚያውቅ ግን ይከፍላል።

ለቁስልና ለስድብም የየራሳቸው ካሳ አለ። ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ የሃይማኖት ሰዎች፣ እንግዶችና የሰላም መልእክተኞች «ቢሪ ማ ጌይዶ» ማለትም «ብረት የማይነካቸው» ስለሚባሉ በጦርነት ጊዜ እንኳ እነሱን መግደል ከባድ ነውር ነው።

በሀርሺንና በሐውድ

ሀርሺን የሐውድ ግጦሽ ምድር አካል ናት። ቋሚ ወንዝ ስለሌላት ነዋሪዎቿ የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅሙት «ቢርካ» በሚባል በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ ነው። የቢርካ መብዛትና የግጦሽ መሬት መታጠር የጠብ ምክንያት ሆነዋል። የ1897 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል ድንበሩን ሲያሰምር መንጋዎቹ በሁለቱም በኩል እንዲግጡ ፈቅዷል፤ እንግሊዝ ሐውድን ለኢትዮጵያ ያስረከበችው ግን እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። የድንበር መስመሩ ማግ ከፋዩን ቡድን አልከፈለውም። ሀርሺን ላይ በመኪና ለተገደለ ሰው የሚዋጣው ካሳ ከሀርጌሳም ከጅግጅጋም፣ ከውጭ አገር ከሚኖሩ ዘመዶችም ሊመጣ ይችላል።

ከመንግሥት ሕግ ጋር

የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ሟቹን የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ ሾፌር ወይም ሐኪም፣ ከሆነ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ሕጉ ጥፋተኛውን ብቻ ሲጠይቅ ማግ ወገኑን ሁሉ ያስከፍላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) ባሕላዊ ዳኝነትን የሚፈቅደው በተከራካሪዎች ፈቃድ ለግልና ለቤተሰብ ጉዳዮች ነው፤ ስለ ወንጀል አይናገርም። በመሆኑም ካሳው ተከፍሎ እርቅ ከወረደ በኋላም ክስ ሊቀጥል ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ሁለት ጊዜ የተቀጣ ያህል ይሰማዋል። የክልሉ መንግሥት በበኩሉ በ1990ዎቹ ሽማግሌዎችን በደመወዝ አማካሪ አድርጎ ቀጥሯል።

ማግ ላይ ከሚነሡት ወቀሳዎች ጠንካራው የሴት ካሳ ግማሽ መሆኑ ነው። ሽምግልናው የሚካሄደው በወንዶች ብቻ ነው፤ በቁጥር አነስተኛ የሆነ ጎሳም የተቆረጠለትን ካሳ ከኃይለኛው ጎሳ ማስከፈል ይቸግረዋል። ከዚህ የሚከፋው ቂም ለማጥፋት ከገዳይ ወገን ሴት ልጅ ለሟች ወገን የምትዳርበት «ጎዶብቲር» የሚባለው ልማድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(2) ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ስለሚደነግግ ልጅቷ ሳትፈቅድ የሚፈጸም እንዲህ ያለ ጋብቻ ሕገ ወጥ ነው።

በሰሜን ጎረቤት የሆኑት ኢሳዎች የራሳቸው ሔር አላቸው። ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ ያቀረቡት ይህ በቃል የሚተላለፍ ሕግ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።