መለኪያ አለን፤ መለኪያ ግን የለንም

ግሮሰሪ ውስጥ የማያልቅ ክርክር አለ። አንዱ «ውስኪ ካልሆነ መጠጥ አይባልም» ይላል። ሌላው «የደብረ ብርሃንን አረቄ የቀመሰ ሰው ውስኪ ሻይ ነው የሚመስለው» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ጂኑን በቶኒክ ይዞ ሁለቱንም ይታዘባል። መጨረሻ ላይ «ጣዕም የግል ነው» ተብሎ ክርክሩ ይዘጋና ሌላ መለኪያ ይታዘዛል።

ጣዕም የግል መሆኑን እቀበላለሁ። ጥራት ግን የግል አይደለም። ጥራት ታሪክ አለው፤ ሕግ አለው፤ በጉድለቱ የሞቱ ሰዎችም አሉት። የዛሬው ጽሑፍ ስለዚያ ነው። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ከስሙ እንጀምር። አረቄ የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ላብ ማለት ነው። ድፍድፉ ሲፈላ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ማለቱ ላብ ስለሚመስል ነው። ያው ቃል በቱርክ ራኪ፣ በሞንጎሊያ አርኪ ሆኖ ይኖራል። «አልኮል» የሚለው ስም ደግሞ እናቶቻችን ከሚኳሉት ኩል ጋር አንድ ሥር አለው። መጀመሪያ የላመ ዱቄትን፣ ቀጥሎ የማንኛውንም ነገር የጠራ ፍሬ፣ በመጨረሻም ከወይን ተተንኖ የሚወጣውን መንፈስ ለመጥራት ዋለ።

ሥራውም እንደ ስሙ አንድ ነው። አልኮል በ78 ዲግሪ ገደማ፣ ውሃ በ100 ይፈላል። በዚህ ልዩነት ተጠቅሞ አንዱን ከሌላው መለየት ነው ጥበቡ። በስኮትላንድ የመዳብ ጋን፣ በእኛ አገር የሸክላ እንስራና መቃ፤ መሣሪያው ይለያያል እንጂ ሕጉ አይለያይም። ፈረንሳዮች የሚኮሩበት ኮኛክ ሁለት ጊዜ መውጣት አለበት፤ የእኛዋ እመቤትም ሁለት ጊዜ ስታወጣው «ዳግም አረቄ» ትለዋለች፤ ጥንካሬው ወደ 45 በመቶ ይደርሳል።

ታዲያ አንዱ በሻንጣ ተሸክመውት የሚመጡት ስጦታ፣ ሌላው በጀሪካን የሚዞር የድሃ መጠጥ የሆነው በምን ምክንያት ነው?

የስኮትላንድን ታሪክ እንይ። ስለ መጠጡ የተጻፈው ጥንታዊ የመንግሥት መዝገብ የ1494 ነው፤ ጆን ኮር ለሚባል መነኩሴ «የሕይወት ውሃ» እንዲያወጣ ብቅል መሰጠቱን ይናገራል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት ግን ደጋው አካባቢ የሚወጣው ውስኪ በአብዛኛው የሕገ ወጥ ገበሬ መጠጥ ነበር። ቀረጡ ከባድ ስለነበር ሰዉ በጫካና በሸለቆ ተደብቆ ያወጣ ነበር። ቀራጩ ያሳድዳል፣ ገበሬው ይሸሻል። በ1823 መንግሥት መንገዱን ቀየረ፤ ቀረጡን ቀነሰ፣ በ10 ፓውንድ ፈቃድ መስጠት ጀመረ። በማግስቱ ዓመት የግሌንሊቬቱ ጆርጅ ስሚዝ ፈቃድ አወጣ። ጎረቤቶቹ እንደ ከሃዲ ቆጥረው ዝተውበት ስለነበር ሽጉጥ ታጥቆ ይሄድ ነበር። ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ የምናየው ግሌንሊቬት የዚያ ሰው ውጤት ነው። ልብ በሉ፣ መጠጡን ከጫካ ያወጣው የተሻለ ምላስ አይደለም፤ ድሃ ሊከፍለው የሚችል ፈቃድ ነው።

በለንደን ደግሞ ጂን ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ርካሽ ጂን ከተማዋን አጥለቅልቋት ነበር። ጂን ሽታውን የሚያገኘው ከሐበሻ ጥድ ዘመድ ፍሬ ነው፤ ያኔ ግን አንዳንዱ ነጋዴ ፍሬውን ትቶ ተርፔንታይንና ሰልፈሪክ አሲድ ይጨምርበት ነበር። በ1736 መንግሥት የ50 ፓውንድ ፈቃድ አወጀ። ማን ይከፍላል? ንግዱ ወደ ጓዳ ገባ። በ1751 የወጣው ሕግ መጠነኛና ቁጥጥሩ የሚሠራ ስለነበር የተሻለ ውጤት አመጣ። እዚህም ትምህርቱ ያው ነው፤ የማይቻል ሕግ ንግዱን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም።

ቀጥሎ የመለካት ታሪክ ይመጣል። እኛ አረቄው ጠንካራ መሆኑን ለማየት ክብሪት እንጭራለን፤ ሰማያዊ ነበልባል ከታየ «እውነተኛ ነው» እንላለን። እንግሊዞችም መጠጡን በባሩድ ላይ አፍስሰው ያቃጥሉ ነበር፤ ባሩዱ ከተቀጣጠለ መጠጡ ፈተናውን አለፈ ይባላል። እነሱ ግን እዚያ አልቀሩም። በ1816 ባርቶሎሚው ሳይክስ የሠራው ሃይድሮሜትር በሕግ ተቀባይነት አገኘና ግምቱ ወደ ቁጥር ተለወጠ። እኛ አሁንም ክብሪቱ ላይ ነን።

ስለ ቁጥር ከተነሳ አይቀር፣ ቮድካ 40 በመቶ የሆነው ሳይንቲስቱ ሜንዴሌየቭ ስላወቀው ነው የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። ተረት ነው። ሩሲያ ይህን መጠን በደንብ ያስቀመጠችው በ1843 ሲሆን ያኔ ሜንዴሌየቭ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ስለ አልኮልና ውሃ ድብልቅ የጻፈው በ1865 ነው። ቁጥሩ የመጣው ከቀረጥ ሰብሳቢው ነው።

አሜሪካኖች በ1897 ባወጡት ሕግ ማኅተም የሚደረግበት ውስኪ ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ የምርት ወቅት፣ ቢያንስ አራት ዓመት በመንግሥት መጋዘን የቆየ፣ 50 በመቶ የሆነ ይሁን አሉ። ምክንያቱም ባዶ አልኮል ላይ ቀለምና ማጣፈጫ ጨምሮ «የድሮ ውስኪ» የሚል ወረቀት የሚለጥፈው ነጋዴ በዝቶ ነበር። ብሪታንያም በ1915 ውስኪ ሳይቆይ አይሸጥ አለች፤ ዛሬ ዝቅተኛው ሦስት ዓመት ነው። የሚገርመው ሕጉ የወጣው በጦርነቱ ጊዜ ስካርን ለመቀነስ ነበር። «ውስኪ ሲቆይ ነው ጥሩ» የሚለው እምነታችን በከፊል የዚያ ሕግ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ምላሳችን እንመለስ። ቮድካ የሚመሰገነው ጣዕም ባለመኖሩ ነው። ውስኪና ኮኛክ ቀለማቸውንና የቫኒላ ሽታቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከዋርካ በርሜል ሳይሆን ከኦክ እንጨት በርሜል ነው፤ እንጨት ያልነካው ውስኪ እንደ አረቄ ነጭ ነው። ኡዞ ውሃ ሲጨመርበት ወተት የሚመስለው የአኒስ ዘይቱ በአልኮል ሟሙቶ በውሃ ስለማይሟሟ ነው። አረቄ ደግሞ የብቅሉን፣ የአሻሮውን፣ የጌሾውን ምሬትና የጭሱን ጠረን ይዞ ይመጣል። በደንብ የወጣ አረቄ ባዶ አይደለም፤ እህሉን ይናገራል። በዚህ በኩል ሞላሰስ ላይ ማጣፈጫ ከተጨመረበት ብዙ ባለ ጠርሙስ መጠጥ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ ምላስ ዳኛ ሲሆን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ በዋጋ ይታለላል። በ2008 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የታተመ ጥናት አንዱን ወይን አንዴ 10፣ አንዴ 90 ዶላር ነው ብሎ አቀረበ። ተሳታፊዎቹ የ90ው ይጥማል አሉ፤ ደስታን የሚመዘግበው የአንጎላቸው ክፍልም አብሮ ተቀሰቀሰ። እኛም ውስኪውን ስናደንቅ ስንት እጁ የጠርሙሱ እንደሆነ እንጠይቅ።

ሁለተኛው ጉድለት ነፍስ ያስከፍላል። ሜታኖልን ምላስ አይለየውም። ሽታውም ሆነ ጣዕሙ ከሚጠጣው አልኮል ጋር ይመሳሰላል፤ ክብሪት ሲጫርበትም ይነድዳል። «የመጀመሪያውን ጠብታ መድፋት ይበቃል» የሚለውም ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ ሜታኖል እስከ መጨረሻው እየተቀላቀለ ይወርዳል። ከእህል በወጣ አረቄ ውስጥ የሚገኘው መጠን ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። በዓለም ዙሪያ በጅምላ የሚገድለው በአብዛኛው ለትርፍ ሲባል የሚጨመረው የኢንዱስትሪ አልኮል ነው። ሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጥና የዓይን ነርቭን ያጠቃል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ስለሚመጣ ሰው «ሀንጎቨር ነው» ብሎ ይተኛል። ከጠጣ በኋላ ዓይኑ የደበዘዘበት ወይም ትንፋሹ የፈጠነበት ሰው ካያችሁ እንቅልፍ አታስጠብቁት፤ ሆስፒታል ውሰዱት። በጊዜ ከተደረሰ መድኃኒት አለው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ጀሪካኑን ከፍቶ የሚቀዳው ሰው ምን ያውቃል? ማን እንዳወጣው አያውቅም። መቼ እንደወጣ፣ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ በመንገድ ላይ ማን ምን እንደጨመረበት አያውቅም። ያወጣችው ሴትዮ በንጽሕና ሠርታው ሊሆን ይችላል፤ ግን ንጽሕናዋ ስም ስለሌለው ከአጭበርባሪው ጋር በአንድ ዋጋ ይሸጣል። በጭስ ውስጥ ውላ፣ እንጨት በውድ ገዝታ፣ ልጅ ያስተማረችበት ሙያ ነው። ስሙን የሚወስደው ነጋዴው፣ ስድቡን የምትወስደው እሷ።

ሜክሲኮዎች ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል። ሜዝካል ከቃጫ ዘመድ ከአጋቬ ይወጣል፤ ለረጅም ጊዜ የገጠር ድሃ መጠጥ ተብሎ ሲናቅ ኖሯል። በኦሃካ ግዛት በሳንታ ካታሪና ሚናስ እስከ ዛሬ በሸክላ ማሰሮ ያወጡታል፤ ልክ እንደ አርሲ ነገሌ። መንግሥት በ1994 ስሙን በሕግ አስጠበቀ። በ2016ቱ መስፈርት ደግሞ በሸክላ ማሰሮና በቀጥታ እሳት የሚወጣውን «የአያቶች ሜዝካል» የሚል የራሱ ደረጃ ሰጠው፤ የሜታኖል ጣሪያም አስቀመጠ። ሸክላውን አልሰበሩትም፤ መዘገቡት። አየርላንድም ከ1661 ጀምሮ የከለከለችውን የገበሬ መጠጧን ፖቺንን በ1997 ለአገር ውስጥ ገበያ ፈቀደች፤ በ2008 ስሙ በአውሮፓ ሕግ ተጠበቀ።

«መጠጥ ቤተሰብ እያፈረሰ አንተ ሕጋዊ ይሁን ትላለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የ45 በመቶ መጠጥ ቀልድ አይደለም። ግን የሚጠጣው ሰው ዛሬም እየጠጣ ነው። ያልተመዘገበ መጠጥ ዕድሜ አይጠይቅም፣ ጥንካሬውን አይናገርም፣ ቢገድል የሚጠየቅ የለውም። ስካርን መቀነስ የሚፈልግ መንግሥትም ቢሆን መጀመሪያ መለካት አለበት።

ይርጋጨፌ ቡናችንን በስሙ ለማስጠበቅ ከስታርባክስ ጋር ተከራክረን በ2007 ስምምነት ላይ የደረስን ሕዝብ ነን። ስም ዋጋ እንዳለው እናውቃለን። የደብረ ብርሃንና የአርሲ ነገሌ አረቄ አውጪዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ለኪሳቸው የሚቻል ፈቃድ አግኝተው፣ በየወረዳው አንድ አልኮል መለኪያና የሜታኖል ምርመራ ቢኖር ሰማይ አይወድቅም። ከ200 ዓመት በፊት ስኮትላንዶች በ10 ፓውንድ ጀምረውታል።

እስከዚያው ድረስ መለኪያ የምንለው ብርጭቆውን ብቻ ነው።