ወደብ ያጡ መርከቦች፣ መርከብ ያጡ ወደቦች

ለሽርሽር በመርከብ የሚጓዝ ሰው፣ ነፋስ በርትቶ ወይም ሁከት ተነሥቶ መርከቡ ሊያርፍበት የነበረውን ወደብ አልፎ ሲሄድ ቅር ይለዋል። ሆኖም ያን ቀን በጨዋታ፣ በንባብና በማዕድ ያሳልፈዋል፤ በማግሥቱ ሌላ ወደብ ይጠብቀዋልና። ቀይ ባሕርን አቋርጠው ወደ ሰሜን ካመሩት መርከቦች መካከል ግን ያመለጣቸውን ወደብ ስምንት ዓመት የጠበቁ አሉ። ባሕረኞቻቸው ያን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፉት ደጋግሞ ተተርኳል። በዚያው ዘመን መርከብ ያጡት የአካባቢያችን ወደቦች ታሪክ ግን ከዚህ ጋር አብሮ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ተገቢ ይመስለናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጁን 5 ቀን 1967፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 28 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚጓዙ የንግድ መርከቦች እንደ ወትሮው ተከታትለው በስዊዝ ቦይ ውስጥ ያልፉ ነበር። በዚያው ማለዳ በእስራኤልና በዐረብ አገሮች መካከል ጦርነት ፈነዳ። መርከቦቹም በቦዩ መንገድ ላይ በሚገኘው በታላቁ መራራ ሐይቅ መልሕቃቸውን ጣሉ። ውጊያው በስድስት ቀን ሲያበቃ የእስራኤል ጦር የቦዩን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ፣ የግብፅ ጦር በምዕራባዊው ዳርቻ ቆሞ ተፋጠጡ። ግብፅም ቦዩን በሰመጡ መርከቦችና በፈንጂ ዘጋችው። 14 መርከቦች በሐይቁ ውስጥ ቀሩ፤ አንድ የአሜሪካ መርከብም ለብቻው በቲምሳሕ ሐይቅ ተያዘ።

ከ14ቱ አራቱ የብሪታንያ፣ ሁለት ሁለቱ የምዕራብ ጀርመን፣ የስዊድንና የፖላንድ፣ አንድ አንዱ ደግሞ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የቡልጋሪያና የቼኮስሎቫኪያ ነበሩ። ዘመኑ ዓለም በምሥራቅና በምዕራብ ጎራ ተከፍላ በጥርጣሬ የምትተያይበት ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን በአንድ ሐይቅ ላይ፣ በሁለት ጦር አፈሙዝ መካከል ሆነው፣ ጎራ ለመለየት ጊዜ አልነበራቸውም። በኦክቶበር 1967 ሜላምፐስ በተባለችው የብሪታንያ መርከብ ላይ ተሰብስበው «የታላቁ መራራ ሐይቅ ማኅበር» ብለው የሰየሙትን ማኅበር መሠረቱ።

ማኅበሩ የስም ብቻ አልነበረም። ያለውን ሁሉ ተካፈሉ። ሰፊ ወለል ባላት ፖርት ኢንቨርካርጊል ላይ እግር ኳስ ተጫወቱ፤ በጀርመኗ ኖርድቪንድ ላይ የጸሎት ሥነ ሥርዓት ተካሄደ፤ በቡልጋሪያዋ ቫሲል ሌቭስኪ ላይ ፊልም ታየ፤ የስዊድኗ ኪላራ መዋኛዋን ለሁሉም ከፈተች። የሕይወት አድን ጀልባዎችን በሸራ እያስኬዱ ይወዳደሩ ነበር። በ1968 የሜክሲኮ ኦሎምፒክ ሲደረግ እነርሱም በሐይቁ ላይ የራሳቸውን ኦሎምፒክ አዘጋጁ፤ ፖላንድም አንደኛ ወጣች። ቴምብር በእጃቸው ሠርተው በደብዳቤያቸው ላይ ለጠፉ። ያ ቴምብር በብዙ አገሮች ፖስታ ቤቶች ዘንድ ተቀባይነት በማግኘቱ፣ መንግሥት የሌለው ሐይቅ የራሱ መልእክት ያለው ያህል ሆነ።

በረሓው በበኩሉ ሥራውን አልተወም። ነፋስ ያመጣው አሸዋ መርከቦቹን እየሸፈነ መልካቸውን ስለለወጠው «ቢጫው መርከብ ጓድ» የሚል ስም ወጣላቸው። ባለቤቶቹም ባሕረኞችን በየጥቂት ወራቱ ይቀያይሩ ነበር። በ1969 መርከቦቹን በቡድን በቡድን አስጠግተው በማሰር የጠባቂዎችን ቁጥር ቀነሱ። በ1973ቱ ጦርነት የአሜሪካዋ አፍሪካን ግሌን ተመትታ ሰጠመች። ቦዩ ከፈንጂና ከስብርባሪ ጸድቶ ጁን 5 ቀን 1975፣ ልክ በተዘጋ በስምንተኛ ዓመቱ፣ በይፋ ተከፈተ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በሜይ ወር ሁለቱ የጀርመን መርከቦች፣ ሙንስተርላንድና ኖርድቪንድ፣ በራሳቸው ሞተር ሀምቡርግ ደረሱ። ከ14ቱ እንዲህ ባለ ሁኔታ አገራቸው የገቡት እነርሱ ብቻ ነበሩ።

ታሪኩ እስከዚህ ድረስ ደስ ያሰኛል። «ትዕግሥት መራራ ናት፤ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው» የሚለውም አባባል በመራራው ሐይቅ ላይ የተፈጸመ ይመስላል። ይሁን እንጂ የእነዚህ ባሕረኞች ትዕግሥት ድጋፍ ነበረው፤ ደመወዛቸው አልተቋረጠም፣ ተራቸው ሲደርስም የሚተካቸው ሰው ይመጣል። ከሐይቁ ዳር የነበሩት ግን ተተኪ አልነበራቸውም። ቦዩ የጦር ግንባር በመሆኑ ከስዊዝ፣ ከኢስማኢሊያና ከፖርት ሳይድ ከተሞች መቶ ሺዎች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ።

ከዚያ ወደ ደቡብ ደግሞ ጉዳቱ ያለ ጥይት ደረሰ። ዓደን ከ1869 የቦዩ መከፈት ጀምሮ ለሚያልፉ መርከቦች በመጀመሪያ የድንጋይ ከሰል፣ በኋላም ነዳጅ እየሸጠች የኖረች ወደብ ነበረች። መርከቦቹ በደቡብ አፍሪካ መዞር ሲጀምሩ ደንበኞቿ ጠፉ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ብሪታንያም ለቃ ወጣች። አዲስ የተወለደው መንግሥት የተረከበው ጸጥ ያለ ወደብ ነበር። በጂቡቲም እንዲሁ ለመርከብ ነዳጅና ስንቅ ማቅረብ የለመደው ሁሉ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ጫኝና አውራጁም ከባሕሩ ዳር ቆሞ አድማስ አድማሱን ማየት ሆነ።

ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ በምጽዋና በዓሰብ በኩል ከባሕር ጋር ትገናኝ ነበር። በ1964 የተቋቋመው የንግድ መርከብ ድርጅቷም ገና ለጋ ነበር። ወደ አውሮፓ የሚጫነው ቡና በአጭሩ መንገድ ፈንታ አፍሪካን መዞር ሲኖርበት ጉዞው ከእጥፍ በላይ ረዘመ። ለተጨማሪው ነዳጅና ለተጨማሪዎቹ ሳምንታት መክፈል ግድ ነበር።

ይህ ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። በማርች 2021 ቦዩን ለስድስት ቀን ዘግታ የነበረችው ኤቨር ጊቭን ከተላቀቀች በኋላ በካሣ ክርክር ምክንያት እስከ ጁላይ 7 የቆየችው በዚያው በታላቁ መራራ ሐይቅ ነበር። በኖቬምበር 2023 በቀይ ባሕር የተማረከችው የጋላክሲ ሊደር 25 ባሕረኞች ደግሞ ነፃ የወጡት በጃንዋሪ 2025 ነው። በ2024 አያሌ መርከቦች እንደገና በደቡብ አፍሪካ ዞሩ፤ በስዊዝ የሚያልፉትም ከግማሽ በላይ ቀነሱ።

ስለዚህ የመራራው ሐይቅ ባሕረኞች በጎ ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ባዶውን ጊዜ በወዳጅነት ሞልተውታልና። ምስጋናው ግን ሙሉ የሚሆነው፣ ያ ጊዜ በሌላ በኩል ምን እንዳስከፈለ አብረን ስናስታውስ ነው። ወደብ ያጣ መርከብ ቢዘገይም መልሕቁን ነቅሎ ይሄዳል። መርከብ ያጣ ወደብ ግን የሚሄድበት የለውም።