ድርና ማግ፦ በሐረር የዋልንበት ቀን

ለዒድ የለበሳችሁትን ነጭ ኩታ ማን እንደሠራው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ይህ ጥያቄ እኔን የገጠመኝ የመድረሳችንን ልጆች ይዤ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሄድኩበት ቀን ነው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታነጸውን የጀጎልን ግንብ አልፈን ሸሪፍ ሙዚየም ገባን። ከጥንታዊ ኪታቦችና ሳንቲሞች ጋር የቀድሞ ሐረሪዎች ልብሶች ይታያሉ። እኔም ታሪኩን አወጋኋቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሪቻርድ በርተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ሰነበተ። በመጽሐፉም በእጅ የተሠራው የሐረር ሸማ በውበትም በጥንካሬም ከአውሮፓ ፋብሪካ ጨርቅ እንደሚበልጥ መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ1902 ግን የምድር ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ፤ የባሕር ማዶ ጨርቅም መንገዱ ቀለለለት። ዛሬ በጀጎል ውስጥ ዝነኛው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪና ድምፅ ነው፤ «መኪና ግርግር» ይሉታል።

አንዱ ልጅ «ኡስታዝ፣ እነዚህን የሸመኑት ሰዎች ስማቸው ማን ነበር?» አለኝ። የአሚሮቹን ስም በተርታ የምቆጥር ሰው የአንድ ሸማኔ ስም እንኳ አጣሁ።

ከሰዓት በኋላ በአንድ አዳራሽ ተማሪዎች ያዘጋጁትን አጭር ቲያትር አየን። ሙሽራው «የሸማኔ ልጅ» ተብሎ ሲናቅ ታዳሚው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። አባቴ ሸማኔ ነበሩና!

እናቴ በእንዝርት የፈተለችውን አባቴ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ እግራቸው እየረገጠ፣ እጃቸው መወርወሪያውን እየወረወረ፣ ድርና ማጉን አገናኝተው ሸማ ያደርጉት ነበር። የኪታብ ክፍያዬ የተከፈለው ከዚያ ነው። እኔ ግን ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ «ነጋዴ ነው» እል ነበር። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ለስንት ዓመት አስተማርኩ! የአባቴን እጅ ግን ደበቅሁ።

ሲመሽ፣ በመኪና ስንመለስ፣ ለልጆቹ እውነቱን ነገርኳቸው። ስማቸውን ለጠየቀኝ ልጅ የአንዱን ሸማኔ ስም፣ የአባቴን ስም፣ ሰጠሁት።

ውድ አንባቢያን፣ በየቤታችሁ የሸመኑ፣ የቀጠቀጡ፣ ሸክላ የሠሩ አባቶችና እናቶች ካሉ ስማቸውን ለልጆቻችሁ ዛሬውኑ ንገሩ። ልብሱ በሙዚየም ይቀመጣል፤ የሠሪውን ስም የሚያቆየው ግን ቤተሰቡ ነው።