ሉቺያኖ ቫሳሎ፦ በሁሉም የሜዳ ክፍል የተጫወተ አምበል
(1935 – 2022)

የታሪክ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል ይጽፋል። የእግር ኳስ ተጫዋች ሕይወት ግን ለታሪክ ጥናት የሚበቃ ጉዳይ አይመስለውም። ይሁን እንጂ አንድ ተጫዋች የተወለደበትን ከተማ፣ የሠራበትን ፋብሪካና የለበሰውን ማሊያ ተከትሎ የሄደ ሰው፣ በብዙ መጻሕፍት ተበታትኖ የሚገኘውን ታሪክ በአንድ ሰው ላይ ተሰብስቦ ያገኘዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለውን የኢትዮጵያ ቡድን አምበል፣ የሉቺያኖ ቫሳሎን የጨዋታ ዘመን መመርመርና ሁለገብ ተጫዋች ያደረገው ምን እንደ ሆነ ማሳየት ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሉቺያኖ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. አስመራ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኢጣሊያዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበረች። ይህ ዘመን የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን ሊወር በኤርትራ የተሰበሰበበት ወቅት ነበረ። ከወረራው በኋላ የኢጣሊያ መንግሥት የዘር መለያየትን በሕግ አጸና። በ1937 የወጣው ሕግ ኢጣሊያዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከለከለ፤ በ1940 የወጣው ደግሞ ኢጣሊያዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበል አደረገ። እንግዲህ ሉቺያኖና ከእርሱ በኋላ የተወለደው ወንድሙ ኢታሎ ያደጉት፣ የአባት አገር በሕግ የማይፈልጋቸው፣ የእናት አገር ሕዝብም የወራሪ ልጅ እያለ በጥርጣሬ የሚያያቸው ልጆች ሆነው ነው። ይህን አስቀድሞ ያልተረዳ አንባቢ ኋላ በአምበልነቱ ላይ የተነሣውን ክርክር በትክክል ሊመዝነው አይችልም።

በዚያ ጊዜ አስመራ በእግር ኳስ ከቀሩት የአገሪቱ ከተሞች ቀድማ የሄደች ከተማ ነበረች። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ የሰሜኑ ቡድኖች በኢትዮጵያ ሻምፒዮና ይካፈሉ ጀመር፤ በ1957 ሐማሴን፣ በ1958 አከለ ጉዛይ ዋንጫውን ወሰዱ። ሉቺያኖ የመጀመሪያ ትምህርቱን ያገኘው በአስመራ ቡድኖች ውስጥ ነው። ከዚያም በ1960 ወደ ድሬዳዋ ወርዶ በተለምዶ ኮተን እየተባለ ለሚጠራው ለጥጥ ማኅበር ቡድን ተሰለፈ።

ኮተን የፋብሪካ ቡድን ነበረ። የድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን፣ ከተማዋም ራሷ በጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ምክንያት የተቆረቆረች ናት። እኛ በአቃቂ በሰቃ አካባቢ ያለን ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ያው ሐዲድ በአቃቂ በኩል ያለፈ ሲሆን፣ አቃቂም የሕንድ ባለ ሀብቶች በተካፈሉበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሟ ታውቋል። ባቡርና ፋብሪካ ባሉበት ስፍራ ከየአውራጃው የመጣ ወጣት ይሰበሰባል፤ የሥራ ሰዓት በፊሽካ ስለሚወሰን የዕረፍት ሰዓትም ይታወቃል፤ ኳስ የሚጫወት ቡድንም ይፈጠራል። አሠሪው ለቡድኑ ማሊያና ሜዳ ቢሰጥ ሠራተኛውን በፋብሪካው ስም ያስተባብርበታል። ኳስ አዋቂውም በተጫዋችነቱ ሥራ ያገኛል።

የዚህ ዓይነቱ አሠራር ውጤት በኮተን ታየ። ቡድኑ በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ዋንጫ መውሰድ ለአንድ የክፍለ ሀገር ቡድን ቀላል ነገር አይደለም፤ የአዲስ አበባዎቹ ቅዱስ ጊዮርጊስና የጦር ሠራዊት ቡድኖች በዚያ ዘመን ብርቱ ተፎካካሪዎች ነበሩና።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሉቺያኖ በየትኛው የሜዳ ክፍል ነበር የሚጫወተው? መልሱ በአንድ ቃል አይሰጥም። የሜዳው መሐል ዋና ስፍራው ነበረ፤ ነገር ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ይከላከላል፣ ወደ ፊት ወጥቶም ግብ ያስቆጥራል። ስለዚህም የአፍሪካው ዲ ስቴፋኖ የሚል ስም ወጣለት። በ1926 በቦነስ አይረስ የተወለደው አልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖ በሪቨር ፕሌት፣ በኮሎምቢያው ሚዮናሪዮስና በስፔኑ ሪያል ማድሪድ የተጫወተ፣ ከ1956 እስከ 1960 ድረስ በተከታታይ አምስት የአውሮፓ ዋንጫ የወሰደ ሰው ነው። ስሙም የተጠራው አጥቂ ተብሎ ተመዝግቦ ሳለ ከተከላካዮች ኳስ ተቀብሎ፣ መሐሉን አሻግሮ፣ መጨረሻውን ራሱ ስለሚፈጽም ነበረ።

ንጽጽሩ ግን ልዩነቱንም እንድናይ ያደርገናል። ዲ ስቴፋኖ ኳስን መተዳደሪያው አድርጎ ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ ነበረ፤ ሁለገብነቱም የምርጫው ነበረ ለማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ ግን ተጫዋች ሁሉ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ወታደር፣ ፖሊስ ወይም ጸሐፊ ነበረ። ቡድኑ የሚሰለፈው ባለው ሰው ነው፤ ተከላካይ ሲጎድል የሚተካው መሐል ላይ ካሉት መካከል ብልሁ ነው። እንግዲህ የሉቺያኖን ሁለገብነት የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አድርጎ መውሰድ አይገባም፤ ችግር ያስተማረውም ነው።

ይህ ችሎታ ከሁሉ ይልቅ የተፈተነው በ1954 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1957 ሲመሠርቱ በዚያው ዓመት በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋ ነበር። በ1959ም በካይሮ ዳግመኛ 4 ለ 0 ተሸነፍን። ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ ተደረገ። አሠልጣኙ ቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታላቅ ተጫዋች የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ጥር 13 ቀን ከግብፅ ጋር ተገናኘች።

በዚያ ጨዋታ ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። ሁለተኛውን የአቻነት ግብ፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ ያስቆጠረው አምበሉ ሉቺያኖ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ። ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዋንጫውን ለሉቺያኖ ሰጡ።

ስለዚህ አምበልነት የሚተረክ ነገር አለ። አንዳንድ ሹማምንት ከኢጣሊያዊ የተወለደ ሰው በአምበልነት ቀርቦ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ መቀበሉን አልወደዱትም ይባላል፤ አቶ ይድነቃቸው ግን ሐሳቡን ተቃውመው ሉቺያኖን በቦታው አጸኑት ይባላል። የኢጣሊያ ወረራ ካበቃ ገና ሃያ አንድ ዓመት እንደ ሆነው ስናስብ የሹማምንቱ ስሜት ከየት እንደ መጣ ይገባናል፤ መረዳት ግን ማጽደቅ አይደለም። ፋሽስት በሕግ ልጅነቱን የነሣውን ሰው፣ የፋሽስት ልጅ ነህ ብሎ ዜግነቱን መንሣት፣ ያንኑ የፋሽስት ሕግ ከሌላ ወገን መፈጸም ይሆን ነበር። ይህን ክርክር የዘጋው ንግግር ሳይሆን ግብ ነው። ደግሞም ከዚያ ድል አሥር ወር በኋላ፣ በኅዳር 1955 ዓ.ም.፣ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። በአንድ ማሊያ የተሰለፉት የሰሜንና የመሐል አገር ልጆች ያሳዩት አንድነት፣ ሹማምንት በአዋጅ ሊያመጡት ከፈለጉት አንድነት የተለየ እንደ ነበረ ታሪክ አሳይቷል።

ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ በ1963 በጋና፣ በ1968ም በራሷ ምድር በአዲስ አበባና በአስመራ አራተኛ ሆነች። ሉቺያኖ እስከ 1970 አካባቢ ድረስ ለአገሩ ተጫወተ። በብዙ ጽሑፎች 104 ጊዜ ተሰልፎ 99 ግብ አስቆጠረ ይባላል። ይህን ቁጥር በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ኢትዮጵያ ከ1957 እስከ 1970 ባሉት ሰባት የአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች ያደረገቻቸው ጨዋታዎች ቢደመሩ 18 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ ቢጸና እንኳ አብዛኛው ከማጣሪያና ከወዳጅነት ግጥሚያዎች የመጣ መሆን አለበት። ታላቅነቱ ግን በ99 ላይ አልተመሠረተም፤ በጥር 13ቱ አንድ ግብ ብቻ ሊመሰክርለት ይችላል።

ሉቺያኖ መጫወት ካቆመ በኋላ በኢጣሊያ ኮቬርቻኖ የአሠልጣኝነት ትምህርት ተምሮ ወደ ማሠልጠን ገባ። በደርግ ዘመን፣ በ1978፣ በጅቡቲ በኩል ከአገር ወጥቶ በኢጣሊያ፣ በሮም አጠገብ በምትገኘው በኦስቲያ ኖረ። በዚያም ለልጆች እግር ኳስ አስተማረ፤ የሕይወት ታሪኩንም በኢጣሊያንኛ ጽፎ በ2000 አሳተመ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ዐረፈ። ዋንጫ ያመጣላት አገሩ ሳትሸኘው፣ በሕግ የካደችው የአባቱ አገር መቃብሩ ሆነች።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ የሉቺያኖ ሁለገብነት የአስመራ ሜዳዎች፣ የድሬዳዋ ፋብሪካና የተጫዋች እጥረት በአንድነት የፈጠሩት ነው። ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ ከሠራተኛ ታሪክ ተለይቶ ሊጻፍ አይችልም። ሦስተኛ፣ የአገር ልጅነት በደም ብቻ ሲለካ አገር ራሷ ትጎዳለች። የፋብሪካ ቡድኖች ታሪክ በአብዛኛው ያለው በሽማግሌዎች አፍና በየቤቱ ባሉ ፎቶግራፎች ነው። የድሬዳዋም ሆነ የአቃቂ ጡረተኞች በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ቢመዘገብ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ 104ና 99 ከሚሉ ቁጥሮች የተሻለ ማስረጃ ያገኛል።