ሥልጣን ሲከፈል መዝገብ ወዴት ይሄዳል? የተሠራጨ የመረጃ ቋት በፋይል ላይ ስለሚያርፍበት ታሪክ

ሐዋሳ የደቡብ ብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የብዙ ዞኖች ጉዳይ የሚመራው ከዚህችው ከተማ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ፥ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲቋቋሙ አንዱ ክልል አራት ኾነ። ሥልጣን በውሳኔ በአንድ ቀን ሊከፈል ይችላል፤ መዝገብ ግን እንዲህ አይከፈልም። የአገልግሎት ማስረጃ ወይም የፍርድ ግልባጭ የሚፈልግ ሰው የሚጨነቀውም በዚሁ መካከል ነው።

የኮምፒዩተር ሊቃውንትም ይኸው ጥያቄ ስለ ገጠማቸው፥ መልሳቸውን ከዚህ ቀጥለን እንመረምራለን።

እ.ኤ.አ. በ2003 የጉግል ባለሙያዎች ፋይልን 64 ሜጋባይት በኾኑ ክፍሎች ቈርጦ፥ እያንዳንዱን ክፍል እንደ ልማዱ በሦስት ኮምፒዩተሮች የሚያስቀምጥ ፋይል ሲስተም በጽሑፍ አስታወቁ። በ2006 የተገለጸው ቢግቴብል የተሠራው በዚህ ላይ ነው፤ ኤችቤዝም በሀዱፕ ፋይል ሲስተም ላይ ፈለጉን ተከተለ።

በኤችቤዝ ሠንጠረዡ በቁልፍ ተራ ይከፋፈላል፤ ክፍሉን «ሪጅን» ይሉታል፥ ትርጓሜውም ክልል ማለት ነው። እያንዳንዱ ክልል ለአንድ አገልጋይ ኮምፒዩተር በኀላፊነት ይሰጣል። አዲስ ነገር በመጀመሪያ በውሎ መዝገብ ይጻፋል፤ በማኅደረ ትውስታ ቈይቶም ወደ ፋይል ይወርዳል፤ ይህም ፋይል አንዴ ከተጻፈ አይታረምም። ክልሉ ሲገዝፍ ለኹለት ይከፈላል፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት መረጃው አይጓጓዝም። ልጆቹ የሚቀበሉት ወደ እናቲቱ ፋይል የሚያመለክት ጠቋሚ ብቻ ነው። ግልባጩ በኋላ ይሠራል፤ ኹለቱም ልጆች የየራሳቸውን ጽፈው እስኪጨርሱ ድረስ የእናቲቱ ፋይል አይወገድም።

በ2008 ለሕዝብ የተለቀቀው ካሳንድራ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። በዚህኛው እያንዳንዱ ኮምፒዩተር በገዛ ዲስኩ፥ በተራ ፋይል ሲስተም ላይ ይጽፋል፤ ቅጂ የማብዛቱንም ሥራ የመረጃ ቋቱ ራሱ ይፈጽማል። ስለዚህ አዲስ ኮምፒዩተር ሲጨመር ድርሻው በመረብ ተጓጕዞ ሊደርሰው ግድ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ኀላፊነትና ማከማቻ የተለያዩ እንደ ኾነ መከፈሉ ፈጣን ይኾናል፤ የተጣመሩ እንደ ኾነ ግን መዝገቡ ከባለሥልጣኑ ጋር መጓዝ አለበት። በአስተያየታችን፥ ከሐዋሳ ወደ ቦንጋ፥ ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ ሆሳዕና ለሚደረግ የመዝገብ ርክክብ የሚጠቅመው የፊተኛው ሥርዓት ነው፤ ይኸውም በቅድሚያ መዝገቡ የት እንዳለ የሚያመለክት ዝርዝር፥ ቀጥሎ ግልባጭ፥ ማስወገድ ግን ከኹሉ በኋላ መኾኑ ነው። ይህ ተራ ከተዛባ የሚጐዳው ቢሮው ሳይኾን ባለጉዳዩ ነው።